ዝቅ ማለት ያለበት ጭነቱ ነው

ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባዶዋን የምትከንፍ ፒካፕ ከሩቅ ትለያለች። ኋላዋ ሽቅብ ተሰቅሏል፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት አቀርቅሯል። ባለቤቷ ባሊስትራ (የኋላ ድርብ ብረት ሞላ) አስጨምሮባታል ማለት ነው። ቡና ሲደርስ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ያ የተሰቀለ ኋላ የእሸት ቡና ጆንያ ሲደረደርበት ልኩን ያገኛል። አንዳንዴም ከልኩ አልፎ ይወርድና ካሶኒው ጎማውን ሊነካ ይደርሳል። በጌዴኦ ዞን ስለ ፒካፕ ቁመት የሚነሣ ክርክር ሁሉ መጀመር ያለበት ከዚህ ጭነት ነው።

ሰሞኑን የሚነሣው ጥያቄ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፒካፕን ዝቅ ማድረግ። ጠያቂዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኞቹ የታይላንድንና የካሊፎርኒያን መሬት የሚልሱ ፒካፖች በስልካቸው እያዩ የተማረኩ ወጣቶች ናቸው። ዝቅ ያለች ፒካፕ ታምራለች፤ በዚህ ላይ የምከራከራቸው ነገር የለኝም። ሁለተኞቹ ዳገትና ቁልቁለት ላይ መኪናቸው እንዳይገለበጥ የሚሰጉ፣ ሰውና ጭነት ይዘው የሚያድሩ ሹፌሮች ናቸው። ክርክራቸው ቀላል ነው፤ ከፍ ያለ ነገር ይወድቃል፣ ዝቅ ያለ ይረጋጋል፣ ስለዚህ እኛም ዝቅ እናድርግ ይላሉ። ይህ ወገን በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል፤ ምክንያቱም ግማሹ ሐሳቡ ትክክል ነው። የተሳሳተው ዝቅ መደረግ ያለበትን ነገር ሲመርጥ ነው።

ጥያቄው ለምን አሁን ገነነ? መልሱ ያለው ከጋራዥ ውጭ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ አመጣ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ያዘ። በ2016 አጋማሽ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣው አሞርዛተርም ጎሚኒም ዋጋው አብሮ ወጣ። እነዚህ ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ዲላ ላይ ሲደርሱ ግን ድምራቸው አንድ ነው፤ አሮጌ ዲፎርዲ ፒካፕ ያለው ሰው አይሸጣትም፣ አይቀይራትም፣ ያለችውን ያሠራታል። ነዳጁ ስለተወደደ በአንድ ጉዞ አብዝቶ ይጭናል፣ አብዝቶ ስለጫነ ባሊስትራ ይጨምራል፣ ባሊስትራ ስለጨመረ መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ከፍ ስላለች ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች፣ ስለተወዛወዘች ደግሞ ዝቅ ላድርጋት ይላል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሁሉም ተደምሮ ግን ፋብሪካው ያሰበውን ሚዛን ያፈርሰዋል።

ዝቅ ማድረግ ከየት እንደመጣ ማወቁ ይረዳል። ልማዱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በሎስ አንጀለስ፣ ሜክሲኳዊ ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች ዘንድ ነው። መጀመሪያ አሸዋ የሞላ ጆንያ ከመኪናው ኋላ እየጫኑ ዝቅ ያደርጉት ነበር፤ ከዚያ ሞላ ወደ መቁረጥ ሄዱ። ካሊፎርኒያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ ማንኛውም አካሉ ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች የወረደ መኪና እንዳይነዳ ከለከለች። በዓመቱ ሮን አጊሬ የሚባል ሰው ከአውሮፕላን የተገኘ ሃይድሮሊክ ኮርቬቱ ላይ ገጥሞ፣ ሲፈልግ ከፍ ሲፈልግ ዝቅ እያደረገ ሕጉን አመለጠው። ያ ክልከላ በይፋ የተነሣው በ2024 ነው። የጃፓን ትናንሽ ፒካፖች ሲመጡ ጥበቡ ወደ እነሱ ተሻገረ። ቶዮታ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 አዲሱን ሃይሉክስ ማምረት የጀመረባት ታይላንድም የራሷን ስልት አበጀች። እነዚህ ሁሉ መኪኖች ግን የሚሄዱት በሰፊና በለሰለሰ አስፋልት ነው፤ ካሶኒያቸውም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የሎስ አንጀለሱ ወጣት መኪናውን ለማሳነስ አሸዋ ይጭናል። ዲላ ላይ ያንን ሥራ ቡናው ይሠራዋል።

አሁን ወደ መገልበጡ ልምጣ። አንድ መኪና ኩርባ ላይ ወይም ወደ ጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ የመገልበጥ ዕድሉን የሚወስኑት በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋትና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ ናቸው። ስፋቱ አይቀየርም፤ ስለዚህ ጨዋታው ያለው ከፍታው ላይ ነው። ለአንድ ደብል ጋቢና ፒካፕ የሚቀርብ ግምት ወስጄ ላስላው። ባዶዋን 1,800 ኪሎ ትመዝናለች፣ የክብደት ማዕከሏም ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። 10 ኩንታል ተጫነባት፤ የጭነቱ መሐል ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ላይ አረፈ። ጠቅላላ ማዕከሉ ወደ 88 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ከጆንያው አናት ላይ በድምሩ 140 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡበት ደግሞ 93 ይደርሳል።

እዚህ ላይ ባለቤቱ ገንዘብ አውጥቶ መኪናዋን በ5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢያስደርጋት ማዕከሉ ቢበዛ በ5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ እንዲያውም አክሱሉና ጎማው ባሉበት ስለሚቀሩ ከዚያም ያንሳል። ሁለቱን ሰዎች ከጆንያው ላይ ማውረድም ያው 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ጭነቱ ከ10 ወደ 7 ኩንታል ቢቀነስና ቁልሉ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ማዕከሉ ወደ 81 ይወርዳል። ይህ በካሊፎርኒያ ስልት ሞላ ቆርጦ ከሚገኘው ይበልጣል፤ ጋራዥም አያስገባም፣ ብረትም አያስቆርጥም። ሰዎቹን ማውረድ ደግሞ ከመኪናው በፊት የሰዎቹን ሕይወት የሚመለከት ነው፤ መኪና ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚሞተው ከላይ የተቀመጠው ነውና።

ለባሊስትራ መጨመርም ለዝቅታም እኩል የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ባለመኪና ልብ አይለውም። ጭቃ መንገድ ላይ፣ ሁለቱ የጎማ ቦዮች መሐል የቀረው ጉብታ ፒካፕን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ዲፈረንሻሏ ላይ ነው። የፒካፕ የኋላ አክሱል አንድ ወጥ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ከፍታ የሚወሰነው በጎማው ቁመት ብቻ ነው። ባሊስትራ ቢጨመር የሚነሣው ሻንሲው፣ ጋቢናውና ካሶኒው ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ለጉብታው ብሎ ባሊስትራ የጨመረ ሰው፣ ጉብታው ዲፈረንሻሉን ከነካው፣ አላተረፈም፤ የክብደት ማዕከሉን ብቻ ከፍ አደረገ። ዝቅ ያደረገው ደግሞ ዲፈረንሻሉን ሳይሆን የነዳጅ ታንከሩን፣ የጭስ ማውጫ ቱቦውንና ከኋላ ከሥር የታሰረውን ትርፍ ጎማ ለድንጋዩ አቀረበ።

ከሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ግን ፍሬኑ ነው። ኤቢኤስ በሌላቸው ብዙ ሃይሉክሶችና መሰል ፒካፖች ሥር አጎንብሶ ለሚያይ፣ ከኋላ አክሱል በላይ ሻንሲው ላይ የታሰረች፣ የፍሬን ቱቦ የሚገባባትና የሚወጣባት ትንሽ ብረት ትታያለች። ከእሷ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ወደ አክሱሉ ይወርዳል። ይህች ቫልቭ ለኋላ ጎማዎች ምን ያህል የፍሬን ግፊት እንደሚሄድ ትወስናለች። ጭነቱን በኪሎ አትመዝንም፤ የምታውቀው ሻንሲው ከአክሱሉ ምን ያህል እንደራቀ ብቻ ነው። ሻንሲው ወደ አክሱሉ ሲቀርብ «ተጭኗል» ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ሲርቅ «ባዶ ነው» ብላ ትቆጥባለች፤ ባዶ ካሶኒ ያለው የኋላ ጎማ በትንሽ ፍሬን ስለሚያዝ ኋላው እንዳይንሸራተት መጠበቋ ነው።

እንግዲህ ፒካፑ ዝቅ ሲደረግ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ካሶኒው ባዶ ሳለ ሻንሲው ለአክሱሉ ቀርቧል። ቫልቯ ተጭኗል ብላ ታምናለች፤ ለባዶው ኋላ ሙሉ ግፊት ትልካለች። የበልግ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ላይ፣ ከይርጋጨፌ ወደ ወናጎ ሲወርዱ፣ ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ሲረግጥ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ይያዛሉ፤ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይዞራል። ባሊስትራ የጨመረው ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። 12 ኩንታል ጭኖ እንኳ ጠንካራው ባሊስትራ ሻንሲውን ከፍ አድርጎ ይዞታል። ቫልቯ መኪናው ባዶ መስሏት የኋላውን ፍሬን ትቆጥባለች። ያን ሁሉ ክብደት ቁልቁለት ላይ የሚይዘው በአብዛኛው የፊት ፍሬን ይሆናል። ከቡሌ አፋፍ ወደ ዲላ በሚያወርደው መንገድ ላይ የፊት ፍሬን ለብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። ሹፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ፔዳሉ፣ ዘይቱ፣ ሸራው ይመረመራል፤ ጥፋት አይገኝባቸውም። ያችን ዘንግ የሚመለከታት የለም።

ቫልቯ መስተካከል ትችላለች። ባሊስትራው ሲቀየር የዘንጓ ርዝመት በታወቀ ጭነትና በግፊት መለኪያ እንደገና መለካት አለበት፤ የአምራቹ መመሪያ የሚያዘው ይህንን ነው። ግን ባለመኪናው «ጋሼ፣ አንድ ባሊስትራ ይጨመርበት» ተብሎ ሲስማማ የሚከፍለው ለባሊስትራው ነው። መካኒኩ ብሎኑን ይፈታል፣ ብረቱን ይደርባል፣ ያስራል፣ አለቀ። ግፊት መለኪያ አልተነሣም። የተማረ መካኒክ ጠፍቶ አይደለም፤ ጠይቆ የሚከፍል ባለመኪና ስለሌለ ነው። ኤቢኤስ ያላቸው አዳዲሶቹ ሞዴሎች ይህን ሥራ የጎማ ፍጥነት እያዩ በኮምፒውተር ስለሚሠሩ በዚህ መንገድ አይታለሉም። ጌዴኦ ውስጥ ቡና የሚያመላልሱት ግን በአመዛኙ አሮጌዎቹ ናቸው።

ዝቅ የማድረጊያ መንገዶቹም አንድ አይደሉም፤ አደጋቸው ይለያያል። በአራቱም ጎማ የሚነዱ ብዙ አሮጌ ሃይሉክሶችና የመጀመሪያው ዲማክስ የፊት ሞላቸው ሲጠመዘዝ የሚሠራ ረጅም የብረት ዘንግ ነው፤ ብሎኑን በማላላት ብቻ ፊቱ ይወርዳል፣ በማጥበቅ ይነሣል። ይህ በመጠኑ ከተደረገ ከሁሉ የቀለለው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ወዲህ በመጡት ሃይሉክሶች ላይ የፊቱ ጥምዝምዝ ሞላ ነው፤ ዝቅ ለማድረግ ልኩን የጠበቀ አጭር ሞላ መግዛት ያስፈልጋል። ያ ሲወደድ ሞላውን መቁረጥ ይመጣል፤ የባሰው ደግሞ በጋዝ እሳት አግሎ ማስቀመጥ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ተጠብሶ ነው፤ በችቦ ሲግል ያ ጥንካሬ ይጠፋል፣ ወይ እየላላ ይቀመጣል፣ ወይ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። ከኋላ ባሊስትራ መቀነስ፣ ባሊስትራው ከአክሱሉ በታች ከሆነ በመካከላቸው ብሎክ ማስገባት፣ በላይ ከሆነ ደግሞ አክሱሉን ከባሊስትራው ሥር አውጥቶ ከላይ ማሳረፍ አለ። የመጨረሻው ፒካፑን ከሁሉ አብልጦ ያወርዳታል፤ ሻንሲው ራሱ ካልተቦረቦረ ግን አክሱሉ ይመታዋል። ሻንሲ የመኪናው አከርካሪ ነው። ለመልክ ተብሎ የተቦረቦረ ሻንሲ ይዞ 10 ኩንታል የሚጭን መኪና እኔ ልጆቼን የማላሳፍርበት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ዝቅ ማድረግን ለመኮነን ብቻ አይደለም። ከሐዋሳ ዲላ በአስፋልት ብቻ የሚመላለስ፣ ጭነት የማይጭን፣ ሥራውን በልኩ በተሠራ ሞላና አጭር አሞርዛተር የሚያሠራ፣ የፍሬን ቫልቩንና የመብራቱን አቅጣጫ የሚያስተካክል ሰው 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ቢያወርድ መኪናዋ ኩርባ ላይ ይበልጥ ትረጋጋለች። ያ ሰው ግን ፒካፕ ለምን እንደገዛ ራሱን ቢጠይቅ ይሻላል። በጌዴኦ የፒካፕ ዋጋ የሚገኘው አስፋልቱ ካለቀበት በኋላ ነው።

አስፋልቱ የሚያልቀው ደግሞ ቶሎ ነው። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ከምሥራቅ በኩል መሬቱ የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ይዞ ወደ ቡሌ ደጋ ይወጣል። ቡናው ያለው በዚህ አፋፍ ላይ ነው፤ ከትልልቅ ዛፎች ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ አያያዝ በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ብዙ ሕዝብ እየመገበ አፈሩን ስላቆየ ነው። ይህን መሬት ለመኪና ምቾት ብሎ መደልደል፣ መንገዱን አስፍቶ ዳገቱን መቁረጥ፣ የተመዘገበውን ነገር ራሱን መቁረጥ ይሆናል። ስለዚህ ከኮቸሬና ከገደብ ጓዳ የሚወጡት ቀይ አፈር መንገዶች ጠባብና ቁልቁል ሆነው ይቆያሉ። መኪናው ነው ለመሬቱ መስማማት ያለበት። የባሊስትራው የመሳብና የመርገብ ርቀት፣ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መሬት ሳይለቅ የሚወጣበት ያ ክፍተት፣ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሹፌሩ ዋና ሀብት ነው። ዝቅታ የመርገቡን ርቀት ይቀንሳል፤ ከልክ ያለፈ ባሊስትራም በድርቀቱ መሳቡን ይነሣል።

ጭነቱ ለምን እንዲህ ይበዛል የሚለው ጥያቄ የሹፌሩን ስግብግብነት በመውቀስ አይመለስም። እሸት ቡና ከዛፍ ከተለቀመ በኋላ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይፈላል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋው ይወርዳል። ለቀማው ቀኑን ሙሉ ነው፤ አርሶ አደሩ ቡናውን ይዞ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ቡናውን ከአርሶ አደሩ ተረክቦ የሚያመላልሰው ሰብሳቢ ያለችውን ጥቂት ሰዓት በአንድ ጉዞ ሊጨርሳት ይሞክራል፤ ሁለተኛ ጉዞ ማለት ማታ ጨለማ ላይ መመለስ፣ ደርሶም የቡና ማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ መሰለፍ ነው። የጭነቱ ቁመት የሚወሰነው በዚህ ሰዓት እጥረት ነው። ነዳጁ ሲወደድ ደግሞ ሁለተኛውን ጉዞ ይበልጥ ያስጠላዋል።

ከኤሌክትሪክ መኪኖች መምጣት አንድ ጥሩ ነገር ይጠበቃል። ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር ስለሚተኛ የክብደት ማዕከላቸው ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ነው፤ ቁልቁለት ላይም ሞተራቸው ራሱ እየያዘ ፍሬኑን ያሳርፋል። ባትሪው ግን ከባድ ነው፤ ለጭነት የሚተርፈውን ኪሎ ይቀንሳል። የባትሪውን ክብደት ሳይቆጥር እንደ ድሮው 12 ኩንታል የሚጭን ሰው የጎማውንና የሞላውን አቅም ሳያውቀው ያልፋል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ባሊስትራ መጨመር ከመጀመሩ በፊት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን መካኒኮችን ስለ ፍሬን ግፊት አለካክ ቢያሠለጥኑ አይዘገዩም፤ ለአሮጌዎቹም ይጠቅማል።

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ባዶ መኪና ላይ ነው። በባዶ ጥሩ የሚይዝ ፍሬን ሲጫን ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ቢያንስ መርማሪው ከኋላ ስንት ባሊስትራ እንዳለ ቢቆጥር፣ ሻንሲው ከአክሱሉ ያለውን ርቀት በሜትር ቢለካ፣ የቫልቯ ዘንግ መኖሯንና መታሰሯን ቢያይ፣ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አንዳንዶች ዘንጓ ስትሰበር በሽቦ አስረው ይተዋታል፤ ይህን አይቶ ቦሎ መስጠት አይገባም።

ከዚህ የሚቀለው ደግሞ በማጠቢያ ጣቢያዎቹ እጅ ነው። ጣቢያው የገባለትን እያንዳንዱን ጆንያ ይመዝናል፣ ይመዘግባል፤ አንድ ፒካፕ በአንድ ጉዞ ስንት ኪሎ እንዳራገፈ በመዝገቡ ላይ አለ። ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የግል ጣቢያዎች ተስማምተው ከአንድ ፒካፕ በአንድ ጊዜ ከ10 ኩንታል በላይ አንቀበልም ቢሉ፣ ከጆንያ ላይ ሰው ጭኖ የመጣንም የወረፋውን መጨረሻ ቢያስይዙት፣ የባሊስትራው ጥያቄ በአብዛኛው በራሱ ይቃለላል። ተቃውሞው ከወዲሁ ይታወቃል፤ ሰብሳቢው ሁለተኛ ጉዞ ሲያደርግ በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ደንቡ የሚሠራው ጣቢያው በቡና ወራት የመረከቢያ ሰዓቱን እስከ ሌሊቱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ካራዘመ፣ ሁለተኛ ጭነት ይዞ የመጣውንም ካስቀደመ ነው። ለዚያ ተጨማሪ ሠራተኛና መብራት ያስፈልጋል፤ ወጪውን ጣቢያው ብቻውን ይሸከም ወይስ ከሰብሳቢው ጋር ይካፈል የሚለው ከጥቅምት በፊት ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።